ብረትን «ነጋ?» ማለት

ጋሽ ኑሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድሬ ዳዋ ጣቢያ የገባውን ባቡር ሁሉ የብረት ጎማውን በመዶሻ እየመቱ ጤንነቱን ሲጠይቁ ኖረዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሥራውን «ምርመራ» አይሉትም፤ «ነጋ ማለት» ነው የሚሉት። በኦሮምኛ ሰላም ነህ ወይ እንደማለት ነው። መዶሻው ኳ ሲል ጤነኛው ብረት በረጅሙ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ነጋ» ብሎ ይመልሳል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሚኒስትር ቢሳፈርበትም ባቡሩ ንቅንቅ አይልም።

ልጃቸው ፊርዶስ ይህን ሰላምታ የፊዚክስ ዶክትሬት አደረገችው። የምታጠናው ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ የብረትን ንዝረት እንዴት እንደሚለውጥ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን «ዶክተር» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ ግፊቱን ሊያስለካ ይመጣል። ጎረቤታቸው ዝናሽማ፣ ፊርዶስ «እኔ እኮ የብረት ሐኪም ነኝ» ብትላት «ይሁና፣ የኔም ጉልበት ብረት ሆኗል» ብላ እግሯን ዘረጋችላት።

እስከ መጋቢት ደህና ሲሄድ የነበረው ሙከራ ከሚያዝያ ጀምሮ እምቢ አለ። በክር ካንጠለጠለቻቸው ዐሥራ ሁለት የብረት ዘንጎች ስድስቱ ጤነኛ፣ ስድስቱ ውስጣቸው የተሰነጠቀ ነው፤ መሣሪያዋ ግን ሁሉንም በሽተኛ ያደርጋቸዋል። አማካሪዋ ዶክተር ይትባረክ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆንም ሰኔ ላይ «እስከ ሰኞ ልዩነቱን ካላሳየሽኝ ርዕሱን እንቀይራለን» አሏት። የሦስት ዓመት ልፋቷን ውኃ ሊበላው ነው። ማታ ማታ አባቷ «ነጋ?» ሲሏት «ነጋ» ትላለች፤ እጇ ግን ወደ ምግቡ አይሄድም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኑሪ መዶሻቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ።

«ውሰጂኝ፤ እኔ ልጠይቃቸው።»

ፊርዶስ ክው አለች። የአባቷ ጆሮ ከጡረታ ወዲህ ከድቷቸዋል፤ እሳቸው ቴሌቪዥን ሲከፍቱ ሰፈሩ ሁሉ ዜና ይሰማል። እዚያ ሄደው ብረቱን ሳይሰሙት ቢቀሩና ቢያፍሩስ? እምቢ ለማለት ግን አንጀቷ አልቻለም። በባጃጅ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ መዶሻውን አይቶ «አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢላቸው «አቦ ተው! የሐኪም ማዳመጫ ነዋ!» ብለውት ገቡ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ማራገቢያው ይንጎራጎራል። ጋሽ ኑሪ የመጀመሪያውን ዘንግ መቱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ጠበቁ። ደግመው መቱ። ፊርዶስ ፊታቸውን ላለማየት ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች።

«አልሰማሁትም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«አባ፣ ተወው በቃ፣ እንሂድ።» ድሬ ላይ አባትም አንተ ነው።

«ቆይ። ጆሮ ቢከዳ ጣት አለ።»

ለሦስተኛ ጊዜ መቱና ሌባ ጣታቸውን በስሱ ብረቱ ላይ አሳረፉ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ፍሬኑን ሳትፈቺ ነው እንዴ የምትጠይቂው?»

«የምን ፍሬን? ባቡር እኮ አይደለም!»

«ፍሬን የያዘው ጎማ ጤነኛም ቢሆን አይመልስም። ይሄን የሆነ ነገር ይዞታል፣ ወላሂ።»

ጣታቸው በዘንጉ ላይ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ። የመሣሪያው ሽቦ ከብረቱም ከጠረጴዛውም ጋር በፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ነበር።

የለጠፈችው ራሷ ፊርዶስ ናት። በሚያዝያ ሙቀቱ ሲብስባት ማራገቢያ ከፈተች፤ ማራገቢያው ሽቦውን ሲያወዛውዝባት ጊዜ ከየዘንጉና ከጠረጴዛው ጋር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ወዲህ ስትለካ የኖረችው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንና ጠረጴዛውን አንድ ላይ ነው። ቤተ ሙከራ የምታስተምራቸው ተማሪዎች ቢያደርጉት የምትቆጣበትን ስሕተት፣ የራሷ እጅ ስለሠራው አላየችውም።

ማራገቢያውን አጠፋች። ፕላስተሩን ልጣ ሽቦውን አላላችውና መታች። ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በላብ ተጠምቀው እስከ ከሰዓት ዐሥራ ሁለቱንም ጠየቋቸው። ስድስቱ መለሱ፤ የስድስቱ ድምፅ ተዘጋ። ኮምፒውተሩም የጋሽ ኑሪ ጣትም በአንድ ቃል መሰከሩ።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ኑሪ መዶሻቸውን እያስቀመጡ። «እንደ ድሮው ነው?»

ፊርዶስ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ «እንደ ድሮው ነው፣ አባ!» ብላ ጮኸች። ዕድሜ ልካቸውን የወደዱትን ድምፅ እሷ ሰምታው እሳቸው እንዳልሰሙት ያን ጊዜ ነው የገባት። በጣም አሳዘኗት።

ጋሽ ኑሪ ያቺን ጣታቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ።

«አንቺስ? ነጋ?»

ሁለት ወር ሙሉ እየዋሸች የመለሰችላቸውን ቃል ልትመልስ ስትል እንባዋ ቀደማት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ጋሽ ኑሪ ጣታቸውን አላነሱም።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። «አሁን ፍሬኑ ተፈታ።»