ዘጠኝ ሰከንድ ውሃ

ተሾመች ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው በስልክ ጣቢያ ባትሪ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ስልክ እንዳይቋረጥ ለሚያደርጉት ትልልቅ ባትሪዎች ውሃ ትጨምርላቸዋለች፣ አሲዳቸውን ትለካለች፣ የደከመውን ለይታ ትቀይራለች። አሲድ ስንት ቀሚሷን በልቶታል! በ1988 ዓ.ም. ጡረታ ወጥታ ላፍቶ የማኅበር ቤቷ ስትገባ ግን ቀኑ አልመሽ አላት። የጠረገችውን ግቢ መልሳ እየጠረገች ዓመት ሞላት።

የሰርቪስ ክፍሏን የተከራየው ክብረት የሚባል ቪዲዮ ሠሪ ነው። በኮምፒውተሩ ለሰርግ ቪዲዮ ስም ይጽፋል፣ ማስታወቂያ ያቀናብራል። በዚያ ዓመት ከበድ ያለ ሥራ መጣለት። ስለ ንጹህ ውሃ በሚያስተምር ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት የወንዝ ውሃ በኩባያ ትቀዳለች፤ ከዚያ ተመልካቹ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ጀርሞቹ ሲዋኙ ማየት አለበት። ይህን በካሜራ ማንሳት ስለማይቻል፣ ውሃውንም ብርሃኑንም ጀርሞቹንም ኮምፒውተሩ ራሱ አስልቶ ይስላል። ርዝመቱ ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ተሾመች ክብረትን ደጁ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኘችው።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?»

«መብራት ጠፋብኝ፣ እትዬ። ሁለት ቀን ሲስል የቆየው በሙሉ ሄደ። ሲጠፋብኝ ይሄ ሦስተኛው ነው።»

«ለዘጠኝ ሰከንድ ሁለት ቀን?»

«ሦስት ቀን ነው የሚፈጀው። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል ይፈልጋል፤ አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ይወስድበታል።»

ተሾመች በልቧ አሰላችው። ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሥዕል! «ታዲያ ያለቁትስ ለምን ይጠፋሉ?»

«ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ አይከፈትም።»

«እኛ ባትሪ ስንደረድር አንዱ ቢሞት እሱን አውጥተን በሌሎቹ እንቀጥላለን። ሥዕሎቹን ለየብቻ ማስቀመጥ አይችልም?»

ክብረት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ይችላል» አለ። «ይችላል እኮ! ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቼ...» ግንባሩን በመዳፉ መታ።

እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። ክፍሉ ገብታ ጠረጴዛው ስር ያለውን ዩፒኤስ ጎትታ ከፈተችው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ይዞ እንዲያቆይ የተገዛ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች አብጠው ሞተዋል። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሙሄ ሄደች። የሙሄ አይሱዙ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ቆሟል፤ ሁለቱ ባትሪዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው።

«ውሰጃቸው ተሾመች» አላት ጉዳዩን ሰምቶ። «መኪናው እስኪነሳ እዚህ ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?» ራሱ ተሸክሞ አመጣላቸው።

ተሾመች ሳሪስ ባትሪ ቤት ወስዳ ቻርጅ አስደረገቻቸው፤ የዩፒኤሱ ቻርጀር ለእነሱ አቅም የለውምና። ጫፎቻቸውን ፍቃ፣ ሁለቱን አያይዛ ገጠመቻቸው። ዩፒኤሱ የተሠራው ለአሥር ደቂቃ እንጂ ለሰዓታት ስላልሆነ እንዳይግል ክዳኑን አንስታ ትንሽ ማራገቢያ አዞረችበት። እጇ ወፍራሙን ሽቦ ሲያጠብቅ ሳታውቀው ማንጎራጎር ጀምራ ነበር።

ኮምፒውተሩ እንደገና መሳል ጀምሮ ሳለ ረቡዕ ቀትር ላይ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ጸጥ አለ። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ክብረት ዘሎ ተነሳ።

«ቁጭ በል። ስክሪኑን ብቻ አጥፋው፣ ባትሪውን በከንቱ አይብላብን።»

ኮምፒውተሩ ላይ ብልጭ የምትለዋን ትንሽ መብራት እያዩ አብረው ተቀመጡ። አራት ሰዓት ሙሉ አልቆመችም። መብራቱ ሲመለስ ክብረት ስክሪኑን አብርቶ ቆጠረ፤ አንድም ሥዕል አልጎደለም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት፤ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ አቃናችው።

«ኧረ ተው! እኔ ነኝ የማመሰግንህ። እጄን ሥራ አስታወስከው።»

ፊልሙ ቀበሌ አዳራሽ ሲታይ ሙሄና ተሾመች ከፊት ተቀመጡ። ውሃው ተከፍቶ እነዚያ ጸጉራም ፍጥረቶች ሲርመሰመሱ አዳራሹ «ወይኔ!» አለ። አጠገቧ የነበረች ሴት ክንዷን ያዘቻት፤ «እውነት ነው እንዴ?»

«ሥዕሉ የኮምፒውተር ነው። በሽታው ግን የእውነት ነው፤ አፍልተሽ ጠጪ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቪዲዮ ቤቶችም ለባትሪያቸው ያስጠሯት ጀመር። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ግን የምትለምነው ነገር አልመጣላትም። አመሰግናለሁ ብቻ ብላ፣ የሚጠብቋት ባትሪዎች ነበሩና ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ታክሲው ወረደች።