ድንቅቱ ያልደገመችው አራተኛ ነጥብ

ጊንጪ ላይ ስብሰባ ሲያልቅ የአቋም መግለጫውን የምታነበው መምህርት ድንቅቱ ነበረች። ድምጿ የጉደርን ፏፏቴ ከሩቅ እንደ መስማት ነው፤ የበጀት ሪፖርት እንኳ በእሷ አፍ የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል። እያንዳንዱን ነጥብ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ታንቆረቁረዋለች።

በየካቲት 2003 ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ባሏ ለሊሳ አምቦ ነርስ ነው፤ ትዳራቸው ሦስት ዓመት ሙሉ የቅዳሜና የእሁድ ትዳር ሆኖ ቀርቷል። ወደ አምቦ ለመዛወር ያስገባችው ማመልከቻ ደግሞ የወረዳው ትምህርት ኃላፊና የዕለቱ ሰብሳቢ በሆኑት በአቶ ታምራት ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

ስብሰባው ስለ ኑሮ ውድነት ነው። መንግሥት ለስኳርና ለዘይት የዋጋ ጣሪያ ካወጣ ወዲህ ዕቃው ከየሱቁ ጠፍቷል። እህል ነጋዴና የተቃዋሚ ፓርቲ አባል የሆኑት ኦቦ ሞሲሳ ተነስተው፣ ብሩ ራሱ ረክሶ ሳለ ባለሱቅ ማሰር ዘይት እንደማያመጣ አስረዱ። አቶ ታምራት ሐሳቡ ተመዝግቧል አሉ፤ የሚጽፍ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያም ከትናንት ወዲያ የተተየበው መግለጫ ለድንቅቱ ተሰጣት።

ሦስቱ ነጥቦች እንደ ዜማ ፈሰሱ። አራተኛው፣ በስኳርና በዘይት ዋጋ መረጋጋት የተሰማንን ደስታ እንገልጻለን ይላል። በኦሮምኛ አነበበችው፤ አዳራሹ አጉረመረመ። በአማርኛ ልትል አፏን ስትከፍት ድምጿ አልታዘዝ አላት። ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«አንዴ ብዬዋለሁ፤ ልደግመው ግን አልቻልኩም። በዚህ ወር ስኳር የገዛ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

ፊት ወንበር ላይ አንድ ካድሬ እጁን እስከ ግማሽ አወጣና ሚስቱ ብርቅነሽ ዞር ብላ ብታየው ጆሮውን አከከ። ሌላ እጅ አልወጣም።

«ስኳሩም ስብሰባ ላይ ይሆናል፤ እንደኛ መውጫ አጥቶ» አሉ ኦቦ ሞሲሳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ መግለጫውም ሳይጸድቅ ቀረ። ሴቶቹ በር ላይ እያጨበጨቡ ወጡ፦

ዋጋው ወረደ አሉ፣ እኛም ደስ ብሎናል፤
ወርዶ የገባበትን ሱቅ ማን ያሳየናል?

ሰኞ ዕለት አቶ ታምራት ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ ዝውውሯ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚታይ ነገሯት። ድንቅቱን እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰዳትም። አምቦ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ለለሊሳ ሁሉንም ነገረችው፤ አንተንም አራቅሁህ አለችው። እሱ ግን ስለ ካድሬው ጆሮ ደግማ እንድትነግረው ለመናት፤ ሦስት ጊዜ አስነገራት። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ካሳፈራት በኋላ በቀጥታ ወደ ጤና ቢሮው ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት አይሱዙ ላይ ፍራሽና ሁለት ወንበር ጭኖ ጊንጪ ወረደ። ድንቅቱ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

«ከአምቦ ወደ ጊንጪ ልዛወር ያለ ሰው አይተው አያውቁም» አላት ፍራሹን እየጎተተ። «ማመልከቻዬን ሳያነቡት ፈረሙ። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ።»