የፍሎረንሱ ቦርሳ ሰባት ጁምዓ

ሰውዳ ብስኩት ሳታገላብጥ ገዝታ አታውቅም። በስደት በምትኖርበት ሳን ሊያንድሮ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የከረሜላ ፓኬት አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ሐራም እንዳይሆንባት ጄላቲን የምትለዋን ቃል የምታድን ሴት ካያችሁ እሷ ናት። ልጇ ሳምራ ከኋላዋ ቆማ ታፍራለች።

«ማም፣ ፒፕል አር ዌይቲንግ።»

«ይጠብቁ። ጀሀነም ወረፋ የለውም፤ ቀጥታ ነው የሚያስገቡሽ።»

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ እጇ፣ በገዛ ገንዘቧ፣ ያንን ነገር ከባሕር ማዶ ተሸክማ ቤቷ ያስገባችው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ቁርኣን ነው። አባቷ ባቲ ውስጥ ሕፃናት ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ ቁርኣናቸው ለሷ ተላከላት። የገጹ ጠርዝ በጣታቸው ብዛት ጠቁሯል፤ የቆዳ ማኅደሩ ግን ተበጣጥሶ አልቆ ስለነበር በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የደረሳት። ሁለት ዓመት በጨርቅ ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ባየችው ቁጥር አባቷን ያለ ጋቢ ብርድ ላይ ያቆመቻቸው ይመስላት ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 ዶሮቲ የምትባል የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት፣ ሰውዳ ኦክላንድ ቤቷ እየሄደች የምትንከባከባት፣ ሳልሞት የጣሊያኑን ፍሎረንስን አንዴ ልየው አለችና ይዛት ሄደች። መድኃኒት ሰጪም ዊልቸር ገፊም ሰውዳ ናት። ያ ከተማ በቆዳ ሥራ የታወቀ መሆኑን ስትሰማ የቁርኣኑን ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በሲባጎ ለክታ፣ ቋጥራ፣ ይዛ ሄደች።

ዶሮቲ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ሰውዳ በዚያ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ማሽን የሰፋውን ናቀች፣ ከቻይና የመጣውን ናቀች፤ በሦስተኛው ቀን ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደረጃ ወርዳ አንድ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰች።

«ቦርሳ» አለች፣ ሌላ ቃል ስታጣ።

«ቦርሳ» አለ ሽማግሌውም ደስ ብሎት። ቃሉ የራሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ተሰዶ መኖሩን ግን አልሰማም።

ሲባጎውን ዘረጋችለት። ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ አያቸው፤ ገባው። እሷም ጥያቄዋን ደረደረች። «ሪል ሌዘር?» ላይተር ለኩሶ ከቁራጭ ቆዳ ሥር ያዘላት፤ አልቀለጠም። «ሀንድ ሜድ?» በመርፌ የተበሳሳ ጣቱን አሳያት። «ሜድ ኢን ኢታሊ?» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሦስት ጥያቄ ጠየቀች፤ ሦስቱንም በእውነት መለሰላት። አራተኛ ጥያቄ አልነበራትም።

በሦስት ቀን ሰርቶ አስረከባት። ውጭው ቡናማ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ሕፃን ጉንጭ በሚለሰልስ ስስ ቆዳ የተለበጠ። ጉንጯን አስጠግታ ዳበሰችው። ደረሰኙን ሳታየው የጎኑ ኪስ ውስጥ ከተተችና እያለቀሰች ደረጃውን ወጣች።

በአካባቢዋ የሚኖሩ የባቲና የደሴ ሰዎች ጁምዓ ከሶላት በኋላ በየተራ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ከፍሎረንስ በተመለሰች በመጀመሪያው ጁምዓ ቦርሳው ቁርኣኑን እንደያዘ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሳመው ሳመው፣ ግንባሩን ያስነካ አስነካ።

«ማሻአላህ። ኢታሊ ነው? አቦ፣ ያንቺስ ይለያል» አለች ጎረቤቷ ሌይላ።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ባህረዲን ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ባህረዲን የሁሉም ታላቅ ናቸው። አሁን ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ፤ አዲስ አበባ እያሉ ግን ሃያ ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ሠርተዋል። ጣታቸውን ከክዳኑ ሥር ሰደዱ፣ ፈጥነው አወጡ፣ «አላህ ይቀበልሽ» ብለው ሊታጠቡ ተነሡ። ሰውዳ ውዱእ መስሏት ፎጣ አቀበለቻቸው።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ጁምዓ አለፈ። ከሰባተኛው በኋላ የጠፍሩ ስፌት ላላ። ሰውዳ ሳምራን «ንጂኝ» ብላ ጋሽ ባህረዲን ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ጠበቅ ያድርጉልኝ።»

ጭናቸው ላይ ልታኖርላቸው ስትል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«መሬት አድርጊው። ቁርኣኑ ውስጡ ነው?»

«አዎ እንጂ።»

«አውጪው ልጄ። መጀመሪያ እሱን አውጪው።»

አወጣችው። ልቧ መምታት ጀመረ፤ ለምን እንደሆነ ገና አላወቀችም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው፣ መብራት አስጠግተው፣ የቦርሳውን ውስጥ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆሙ አሳዩዋት።

«የበግ ቢሆን ቀዳዳው በረድፍ ይሄዳል። ይሄን እዪው። ሦስት ሦስት ነው፣ እንደ ጉልቻ። ጠጉሩ ቆዳውን በስቶ ስለሚያልፍ በጀርባውም በፊቱም ይታያል።»

«የምን ጠጉር?»

ስሙን አልጠሩትም። ሳምራ ግን ከጎኑ ኪስ ደረሰኙን አውጥታ ስልኳ ላይ ስትተረጉም ቆይታ ነበር።

«ማም፣ ኢት ሰይዝ ፒግ። ዘ ላይኒንግ። ኢትስ ራይት ሂር።»

ያ ሽማግሌ ጣሊያን ገበሩ የአሳማ ቆዳ መሆኑን አልደበቀም። ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጥቷታል። ከረሜላ ሦስት ጊዜ የምታገላብጥ ሴት ደረሰኝ አላገላበጠችም። ሁላችንም እንዲያ ነን። ለአፋችን ዘበኛ ቀጥረን ለእጃችንና ለእግራችን በሩን ከፍተን እንተኛለን። ጣሊያን ከተባለ የምን ቆዳ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰውዳ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘች ሁሉ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያቀበለቻቸው ፎጣ ትዝ አላት።

«መቼ አወቁ ጋሼ?»

ሽማግሌው መብራቱን አጠፉ።

«መቼ?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

ስለ ቆዳው ስትሰማ ያልጮኸችው ሴት አሁንም አልጮኸችም። ድምጿ ግን ተለወጠ።

«ሰባት ጁምዓ?»

«እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያየሁ... በሰው ፊት... ይሉኝታ ያዘኝ ልጄ።»

«የራስዎን እጅ ታጥበው የኔን ተዉት?»

ይሉኝታ እያልን የምናሞግሰው ይሄንኑ ነው፤ ሰው እሳት ላይ ተቀምጦ እያዩ ፊቱ እንዳይከፋ ብሎ ዝም ማለት።

ቤቷ ስትመለስ ከደጇ የአበባ ማሰሮ አፈር ዘግና ሸሪዓው እንደሚያዘው እጇን አንዴ በአፈር፣ ስድስቴ በውሃ አጠበች። ሳምራ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቷ አላፈረችም፤ ቧንቧውን ያዘችላት።

በስምንተኛው ጁምዓ ሰውዳ ቦርሳውን ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ፌስታል ላይ ዘርግታ መሀል ቤት አስቀመጠችው። ጉልቻውን አሳየቻቸው። የሳመው ሁሉ ከንፈሩን ያዘ።

«ምነው ለየብቻችን ብትነግሪን?» አለች ሌይላ፤ ይህን እያለች የራሷን የእጅ ቦርሳ በእግሯ ሶፋው ሥር ትገፋለች።

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ ጋሽ ባህረዲን ከጥግ። «ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። እሷን አትውቀሱ።»

ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ለሦስት ጁምዓም ቀሩ።

በአራተኛው ሲመጡ ብብታቸው ሥር አንድ ነገር ይዘው ነበር። እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ ካለ መጋዘን የፍየል ቆዳ ፈልገው፣ ሠላሳ ዓመት ያልነኩትን ወስፌ ይዘው፣ በገዛ እጃቸው የሰፉት ማኅደር ነው። ለሰውዳ ሰጧት። ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ።

«ማሻአላህ» አለች ሌይላ። «ማሻአላህ» አሉ ሌሎቹም፣ ገና በቅጡ ሳያዩት።

ሰውዳ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አገላበጠችው። ውስጡን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሯ ተከተለችው። ከዚያ ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጠማማ ነው ጋሼ።»

ሌይላ በክንዷ ጎሸም አደረገቻት። ጋሽ ባህረዲን ግን ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ። እዚህም።»

ጠጋ አሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወስፌውን ከኪሳቸው አውጥተው እዚያው ሰው መሀል ስፌቱን መፍታት ጀመሩ።