የምዘለው ድምፅ

ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ውስጥ ለሁለት ዓመት አንዲት አሮጊት ተንከባክቤአለሁ። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስና መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ። አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ካጁን ከሚባሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የተወለዱ ናቸው፤ ለንደን የመጡት ባላቸውን ተከትለው ነው። እኔ እማማ እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት።

ግድግዳቸው ላይ የአባታቸው ቫዮሊን ተሰቅሎ ነበር። አባታቸው በየሠርጉ የሚጫወቱት አንድ ቀስ ያለ ዜማ ነበራቸው። ኖታ የለውም፤ በጆሮ ብቻ የተላለፈ ነው። የእማማ ጣት በቁርጥማት ከተቆለመመ በኋላ የሚጫወተው ጠፋ። ልጅ የላቸውም። መጦሪያ ቤት ሊገቡ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ "ከዚህ ቤት ከመውጣቴ በፊት አንዴ ብሰማው" አሉ።

"ማን ይጫወትልዎታል?"

"ጣት ያለው።" ጣቴን አዩ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር መጀመሪያ የንስሓ አባቴን ጠየቅሁ።

"ዘፈን ነው?" አሉኝ።

"ግጥም የለውም፣ አባ። የሠርግ ጭፈራ ነው።"

"ልትጨፍሪበት ነው?"

"አባ፣ ጉልበቴን ያውቁታል።"

ሳቁ። "ሕመምተኛ መጠየቅ ነው፤ ሂጂ" አሉኝ።

ሥራዬን ስጨርስ ግማሽ ሰዓት እቆይ ጀመር። እማማ ጥቂት ያንጎራጉራሉ፤ በአፌ እመልስላቸዋለሁ፤ ከዚያ ቫዮሊኑን ይዤ አውታሩ ላይ እፈልገዋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የተማርነው እንዲሁ እየተቀበልን ስለነበር መያዙ አልከበደኝም። ደጋኑ ግን አስለቀሰኝ። ሁለት አውታር አንድ ላይ እንድጎትት ነገሩኝ፤ አንዱ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ባለበት ይጮኻል።

በስድስተኛው ሳምንት ሙሉውን ያዝኩት መሰለኝ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቆንጆ ነው። የአባቴ ግን አይደለም።"

"ምኑን ተሳሳትኩ?"

"እኔ እንጃ። ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል።"

እሳቸው ማስረዳት አልቻሉም፣ እኔም መስማት አልቻልኩም። የእሳቸውን እንጉርጉሮና የእኔን ጨዋታ በስልኬ ቀድቼ ቤት ሄድኩ። ትምህርት ቤት ፒያኖ የምትማረው ልጄ ሁለቱንም ሰማች።

"እማ፣ ይሄ መዝሙር ነው እንዴ?"

"አትቀልጂ።"

"ሲሪየስሊ! እሳቸው እዚህ ጋ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ አንቺ አንዱን ትዘልያለሽ። ሁሌም እዚያው ጋ።"

እውነቷን ነው። እድሜዬን ሙሉ የዘመርኩት በአምስት ድምፅ ነው፤ የእማማ ዜማ ሰባት አለው። የማላውቀውን ድምፅ ጆሮዬ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈው ነበር።

በማግስቱ ነገርኳቸው። የተቆለመመ ጣታቸውን ጣቴ ላይ አሳርፈው ትንሽ ገፋ አደረጉት። "እዚህ።" ለጆሮዬ ጎምዛዛ ነበር። ሁለት ሳምንት እሱን ብቻ ደጋገምኩ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እንኳ አንጎራጉረው ነበር።

የሚሄዱበት ቀን ሻንጣቸው በር ላይ ሆኖ ጀመርኩ። ዘለልኩት። እንደገና ጀመርኩ፤ ዘለልኩት። በሦስተኛው ጣቴ ቦታውን አገኘ፤ ሳላቆም እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እማማ በእግራቸው ወለሉን ይመቱ ነበር።

"እሱ ነው" አሉ። "አባቴ ግን እንዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር።"

"አባትዎ በሁለት ወር አልተማሩማ።"

ደወሉ ጮኸ። ሾፌሩ ነበር። ኮታቸውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ይጠብቅ። ድገሚው።"

ደገምኩት። ያን ጊዜም አልዘለልኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።