መዝገብ ላይ ያልነበረች ሚስት

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ሥራ የሌላውን ሰው ቃል ሳጣራ ኖሬ፣ የራሴን አንድ ዓረፍተ ነገር ደብቄያለሁ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት በጊሼ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሽፈራው አብሮ አደጌ ነው። አስካለን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ጋብቻው በሰማንያ ነው፤ ዋስ ተጠራ፣ ሽማግሌ መረቀ፣ ሁለቱም በቃላቸው ማሉ። ወረቀት አልነበረም። በዚያ አገር ማን በወረቀት ያገባ ነበር? እኔም እንደ ወጉ ለሙሽራዋ ወንድም ልሆናት፣ ባሏ ቢበድላት ከእሷ ጎን ልቆም ቃል ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ሚዜዬ» ነው የምትለኝ።

ሽፈራው የመኪና ጥገና እንዲማር መንግሥት ጀርመን አገር ላከው። በሁለተኛው ዓመት ለእኔ ብቻ ደብዳቤ ጻፈ። እዚያ ሌላ ሴት ሊያገባ ነው። «የዚህ አገር ሕግ ጣጣው ብዙ ነው። የልደት ማስረጃ ይላሉ፤ ደግሞም ሚስት የሌለኝ መሆኑን ካገሬ መንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣ ይላሉ። ካንተ በቀር ማን አለኝ?» ይላል።

ምን አደረግኩ? መዝገቡን ገለጥኩ። ስሙ የለም፤ እንደማይኖርም አውቅ ነበር። «በጽሕፈት ቤታችን መዝገብ ቢመረመር፣ ግለሰቡ ጋብቻ መፈጸሙ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ዛሬም ማንም አራሚ አይሰርዘውም። እኔ ግን ሙሽራዋን በጀርባዬ አዝዬ ከዳስ ያወጣሁ ሰው ነኝ። አለቃዬ እኔን አምኖ ሳያነብ ፈረመ። ማኅተሙን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ጓደኝነት አስገደደኝ ልበል? የእጅ ጽሕፈቴን ባሕር ማዶ የፈረንጅ ሹም ሊያነበው መሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

በገበያው ቀን አስካለ መጣች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የእሱን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ።

«ሚዜዬ፣ ዛሬም የለም?»

«ለእኔ ጽፏል። ደኅና ነኝ ይላል።»

«እኔንስ አላነሳኝም?»

«ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«እሱ እቴ! ፈረንጅ አገር ሄዶም ቃል ይቆጥባል!» ብላ ሳቀች። ከነጠላዋ ሥር የተፈተለ ጥቁር የበግ ጠጉር አውጥታ አሳየችኝ። ሲመለስ የሚለብሰው በርኖስ ልታሠራለት ነው።

ሰባት ዓመት ጠበቀችው። ዘመዶቿ በሽማግሌ ተፋቺና ከከብቱ ድርሻሽን ይዘሽ ሳታረጂ ውለጂ አሏት። አንድ ደኅና ገበሬም አማላጅ ላከባት። እሷ ግን «ሚዜዬን ልጠይቅ» አለች።

ጠየቀችኝ። «ጠብቂው» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኳት። ፍቺ ከተነሣ ስለ ሽፈራው ይጠየቃል፣ የእኔም ወረቀት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። የመጀመሪያውን በደል ስሠራ ወጣት ነበርኩ ማለት እችል ይሆናል። ለዚህኛው ምን እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ከጀርመን የተመለሰ አንድ ተማሪ ወሬውን አመጣው፤ ሽፈራው ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። አስካለ ቢሮዬ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

አመነችኝ። በሚቀጥለው ገበያ በርኖሱን ይዛ መጣች። «እንግዲህ የቀረኸኝ ወንድም አንተ ነህ» ብላ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። አውልቄ አልመለስኩላትም። ለበስኩት፤ ብዙ ክረምት ለበስኩት።

አስካለ አለች። ልጅ ሳትወልድ አርጅታ በዘመዶቿ ቤት ትኖራለች። ይህን እናንተ ታነቡታላችሁ፤ እሷ አታነበውም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሄዶ ሊያነብላት የሚገባው ሰው እኔ ነኝ። መንገዱ ዛሬ መኪና ያስገባል፤ እስከ ደጇ ያደርሳል።

አልሄድኩም።