የሙሽሮቹ አልጋ

ከጎረቤት የተላገ እንጨት ሽታ ይመጣል። ልጄ የአማርኛ መጽሐፉን ገፍቶ ጋደም ብሏል፤ አንብብ ብዬ መለመን ሰልችቶኛል።

ወልቂጤ አናጺ የነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረው አባቴም ታላቅ ወንድሜን መለመን ሰልችቶት ነበር። ከትምህርት ቤት ሊያስወጣው ወስኖ ሳለ፣ አንድ ቀን ለሙሽሮች የታዘዘ አልጋ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ወፍራሙን የአናጺ እርሳሱን አቀበለው።

“የባለአልጋውን ስም እንጨቱ ላይ ጻፍ።”

“ብሳሳትስ አባ?”

“ጋሪው ሌላ ቤት ያደርሰዋላ። ሙሽሮቹ መሬት ይተኛሉ።”

ወንድሜ እየሳቀ ጀመረ፤ ግን ሦስቴ ፍቆ፣ ላብ አጥምቆት ጨረሰ። አባቴ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ “እኔን ማንም ጻፍልኝ ብሎኝ አያውቅም” አለ። ያኔ በአናጺነቱ የሚያማርር መስሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ማስወጣቱንም ዳግመኛ አላነሳበትም።

ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። “ይቺን የመድኃኒት ወረቀት አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።” እውነትም ደክሞ ነበር።

እየተንተባተበ አነበበና፣ “ከምግብ በኋላ ነው የሚለው። በልተሻል?” አለኝ።