ገልብጪው

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ቤቴ የልጅ ልጄ መሠረት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቆዝም ነበር። ድረ ገጽ መሥራትና ማስዋብ እየተማረች ነው። ከኢንተርኔት ያማረ ገጽ አግኝታ ገልብጣ ነበር፤ በስልክ ሲከፈት ግን ጽሑፉ ላይ በላይ ተደራረበ።

«እማማ፣ ማስተማሪያው ሞልቷል፤ ሁሉም ያምራል። የቱን አምኜ ልማር?» አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት፣ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ? «ገለበጥኩ» ያለችው ቃል ግን ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እናታችን የሞተችው የታላቅ እህቴን የሠርግ ቀሚስ እየጠለፈች ነው። የጠርዙ ጥልፍ ግማሹ ቀርቶ ነበር። እህቴ «ሌላ አልለብስም» ብላ ስታለቅስ እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩ፤ ጥልፍ ሳልችል።

ዳንግላ ከተማ አንዲት ስመ ጥር ጥልፍ ሠሪ ነበሩ። ናሙናቸውን ካርቶን ላይ ሰፍተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። «አይተሽ ገልብጪ» አሉኝ። ኅዳርን ሙሉ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላሁ፣ ደጃቸው ተቀምጬ በቁራጭ ጨርቅ ገለበጥኩ። የጠለፍኩት መስቀል መስቀል ይመስላል፤ ክሩን ሳጠብቀው ግን ጨርቁ ይጨማደዳል። ክሩ ከኋላ በየት እንደሚዞር ለማየት ካርቶኑን ሳወርድ እጄን መቱኝ።

«ሙያዬን ልትዘርፊ ነው?»

«ገልብጪ ካሉኝ በኋላ አሠራሩን መደበቅ ፍርድ ነው?» ብያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ቀሚሱን ይዤ አዘና ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ በፈረስ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዶ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። አክስቴ ወሬዋ በአገውኛ ነው፤ ስትቆጣ ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች። የተጨማደደውን ጨርቄን አየችና ወረወረችው።

«የእናትሽን ገልብጪው!»

«ስገለብጥ አይደል እንዴ የከረምኩት!»

«አንቺ ድንጋይ፣ ገልብጪው ነው የምልሽ!» ቀሚሱን ነጥቃ ውስጡን ወደ ላይ አዞረችው።

እናቴ እዚያ ነበረች። ክሩን የት እንደጀመረች፣ በየት እንዳዞረች፣ የት ተሳስታ እንደፈታች መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ምንም አልደበቀችም። አክስቴም ቁጣዋ በረደ። እያየሁ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እየጠለፍኩ ጨረስኩት። እህቴ በጥር ለብሳው ተዳረች።

«ጀርባውን የሚያሳይሽን ምረጪ» አልኳት መሠረትን። «እንዴት እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽም የሚነግርሽን።»

«አንድ አለ። እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደተጻፈ ያስረዳል። ግን ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ትቼው ነበር።»

«ተመለሺበት።»

እህቴ ካረፈች ወዲህ ቀሚሱ እኔ ዘንድ ነው። አውጥቼ ዘረጋሁላት። ከፊቱ የእናቴ እጅና የእኔ እጅ አይለይም፤ ገለበጥኩላት። መሠረት ጣቷን በክሩ ላይ እያስኬደች መጥታ አንዲት ወፍራም ቋጠሮ ላይ ቆመች።

«ይሄስ?»

«እሷ ሳትቋጥረው የሄደችው ክር ነው» አልኳት። «እኔ ቋጠርኩት።»